ማርሽ ቀንሶ መውረድ

ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ስትሄዱ፣ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ ብቅ ስትሉ መንገዱ ድንገት ይጠፋል። ከፊት ያለው የጭነት መኪና የኋላ መብራት የጧፍ ያህል ሆኖ ይታያል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጥጉን ይናገራል፤ ተሳፋሪው ገሚሱ ያማትባል፣ ገሚሱ የተኛ ይመስላል። እንዲህ ባለ ቀን ነበር ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጥሁት።

ከኋላዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ የያዙ አንዲት እናት «የኔ ልጅ፣ ፍሬን ያዝ! ኧረ ፍሬን ያዝ!» እያሉ ይማጸናሉ። ሹፌሩ ዞር ሳይል «እማማ፣ እዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየያዘ የሚወርድ ሰው ታች ሲደርስ ፍሬን አያገኝም» አላቸውና ማርሹን ወደ ከባዱ መለሰ። ሞተሩ አጓራ፤ መኪናው ያዝ አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ለእኔ ይንገር ለራሱ ሳይለይ፣ «ጀማሪ ሳለሁ እግሬ ከፍሬኑ ላይ አይነሳም ነበር። ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። ፍርሃት መሆኑን ያወቅሁት የሸራው ሽታ ሲመጣ ነው» አለ።

ይቺን ንግግር ይዤ ቤቴ ገባሁና ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። (እንዲህ ያለ አባዜ አለብኝ።) ዋሻው አካባቢ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 20 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 1,700 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር፣ ወደ 1,000 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አምስት በርሜል! ይህ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በከባድ ማርሽ የምትወርዱ ከሆነ ብዙውን ሞተሩ ይቀበለዋል። እግራችሁ ፍሬኑ ላይ ከቀረ ግን የፍሬኑ ሸራ ላይ ይከመራል፤ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም መያዝ ያቅተዋል። ገደሉን የፈራው እግር ገደሉን ያመጣዋል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ጀማሪውም ነባሩም የሚፈልጉት አንድ ነው፤ ገደል ላለመግባት። ሁለቱም ቀስ ይላሉ። በመጀመሪያው ኪሎሜትር ላይ ከውጭ ሆኖ የሚያያቸው ሰው ማንኛው ፈሪ፣ ማንኛው ጠንቃቃ እንደሆነ ሊለይ አይችልም። ጋቢና ውስጥ ያለው ሰው ራሱ እንኳ አይለየውም፤ ሹፌሩ ነግሮናል። ልባችን በሁለቱም ጊዜ ይመታል፣ መዳፋችን ያልበዋል። እና ሥራ ለመቀየር፣ ለመታከም፣ ለመጋባት፣ ብድር ለመውሰድ ስናመነታ፣ ያ «ቆይ እስኪ» የሚለው ድምፅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በምን እናውቃለን?

አማርኛችን ፍንጭ አስቀምጦልናል። «ጠንቅቆ ያውቃል» እንላለን አይደል? ጥንቃቄ እና ጠንቅቆ ማወቅ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው፤ በግዕዙም «ጠንቀቀ» ማለት አንድን ነገር በልክ፣ በትክክል ማወቅንና ማድረግን ይነካል። እንግዲህ ቋንቋው ጥንቃቄን ያስቀመጠው ከእውቀት ጎረቤት ነው። ፍርሃት ግን ብዙ ቤት አለው፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ሲሆን ይከበራል፣ ልጅ አባቱን ሲፈራ ጨዋ ይባላል፣ ጦር ሜዳ ላይ ሲመጣ ደግሞ ስድብ ይሆናል። ፍርሃት ራሱ ጥፋት አይደለም ማለት ነው። እንዲያውም ከሌለ ጉድ ይፈላል።

ይህን የምለው ስለ አንዲት ሴት ካነበብሁ በኋላ ነው። አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ተመራማሪዎች ለረጅም ዓመታት ያጠኗት፣ በሳይንስ ጽሑፎች ኤስ.ኤም. ተብላ ብቻ የምትጠራ ሴት አለች። ኡርባክ-ቪተ የሚባል ብርቅዬ በሽታ አንጎሏ ውስጥ ግራና ቀኝ ያሉትን አሚግዳላ የሚባሉ ለውዝ የሚያካክሉ ክፍሎች አጥፍቶባታል። ፍርሃት የምንለውን ነገር በማስነሳት ትልቅ ድርሻ ያላቸው እነሱ ናቸው። ተመራማሪዎቹ እባብ ወደሚሸጥበት ሱቅ ወሰዷት። እባብ እጠላለሁ ስትል የኖረች ሴት እባቡን ይዛ ታገላብጠው ጀመር፤ አደገኞቹንም ልንካ ብላ ደጋግማ ጠየቀች። አንድ ጊዜ ደግሞ መናፈሻ ውስጥ አንድ ሰው ጩቤ አንገቷ ላይ ይዞባት፣ ሲለቃት ሳትሮጥ እየተራመደች ወደ ቤቷ ሄደች። ደፋር እንበላት? እኔ አልላትም። ሕይወቷ በአደጋ የተሞላ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ስለማይደርሳት ከአደጋው አትሸሽም። ፍርሃት ሲጠፋ ጥንቃቄ ብቻውን ይቀራል ብሎ ለሚያስብ ሰው የእሷ ታሪክ ጥሩ መልስ ነው። (በነገራችን ላይ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር ሲያስተነፍሷት እሷም በድንጋጤ ተርበደበደች። ፍርሃት አንድ በር ብቻ የለውም።)

ስለዚህ ፍርሃት እንደ ግቢ ውሻ ነው። ደብረ ብርሃን ሌሊት ጅብ የሚዞርባት ከተማ ናት፤ እዚያ ያደገ ሰው የውሻን ጠባይ ያውቃል። ውሻው ለንፋሱ ይጮሃል፣ ለሰካራሙ ይጮሃል፣ ለራሱ ጥላም ይጮሃል። መቶ ጊዜ በከንቱ ቢጮህ የሚያጠፋው የናንተን እንቅልፍ ነው፤ አንድ ጊዜ ዝም ቢል በጉ ተበላ። ራንዶልፍ ኔሲ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ይህንኑ ሐሳብ በቤት ውስጥ የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መስለው ያስረዱታል፤ ዳቦ በተቃጠለ ቁጥር የሚጮኸው መሣሪያ አልተበላሸም፣ እንዲያ እንዲሆን ነው የተሠራው። ሰውነታችንም እንዲሁ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ለዚህ ነው። ውሻው ስለጮኸ መውቀስ አይገባም። ጥያቄው ሲጮህ ባለቤቱ ምን ያደርጋል ነው፤ ባትሪ አብርቶ ይወጣል ወይስ ብርድ ልብሱን ይከናነባል?

ባትሪ አብርተው የሚወጡትን ማየት ከፈለጋችሁ መንዝ ሂዱ፤ ጓሳ።

ጓሳ የጭላዳ ዝንጀሮ አገር ነው። ጭላዳ ገደል ላይ ያድራል፣ ሲነጋ ሜዳው ላይ ወጥቶ ሣር ይግጣል። ገና ውሻ ብቅ ሲል መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ይነጉዳል። ቀይ ቀበሮ ሲመጣስ? ቀበሮም የውሻ ዘመድ ነው፤ ጥርሱም ጥርስ ነው። ግን ጭላዳዎቹ ቀና ብለው አይተው ግጦሻቸውን ይቀጥላሉ! ቀበሮው በመካከላቸው ቀስ እያለ፣ ሳይሮጥ ሳይዘል፣ አይጥ ያድናል። ቪቬክ ቬንካታራማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሐል ሆኖ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 ጊዜ ብቻ። ቀበሮው ለምን እንደሚቀርብ ገባን። የኔን ቀልብ የሳበው ግን የጭላዳዎቹ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ሲነጥቅ ያዩት አንድ ጊዜ ነው፤ መንጋው ተረባርቦ አስጣለው፣ ያንን ቀበሮ አባረረው፣ ተመልሶ እንዳይገባም ከለከለው።

አያችሁ? ውሻ ሌላ፣ ቀበሮ ሌላ፣ ያ ባለጌው ቀበሮ ደግሞ ሌላ። ዛሬ የሚያሳልፉትን ነገ ይከለክላሉ፤ የሚያዩት ነገር ሲቀየር እነሱም ይቀየራሉ። ጥንቃቄ ሲለይ ይህን ይመስላል። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ አራት እግርና ጆሮ ያለው ሁሉ አንድ ይሆንባቸው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ገደል ሥር ተወሽቀው ይራቡ ነበር።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። የገረመኝ ነገር፣ የፍርሃትም የጥንቃቄም ዋና ዋና ምሳሌዎቼ በእግር መንገድ ርቀት ላይ መገኘታቸው ነው፤ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ ሌላው ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ ልቼ።

ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነገሡ። ከሰማይ ብርሃን ታየ ተባለ፤ ብርሃኑ በታየበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያው ተከሉ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ብርሃኑን በ1448 ዓ.ም. ከታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ንጉሡ ፈሪ ነበሩ እንዳትሉኝ። በ1438 ዓ.ም. የአዳሉን ሡልጣን በድላይን ራሳቸው ዘምተው ያሸነፉ፣ ብዙ መጻሕፍት ያስጻፉ፣ ከመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ሁሉ ኃያል ከሚባሉት አንዱ ናቸው። ሤራ እንፈራለን ቢሉም መሠረት ነበረው፤ በዚያ ዘመን ዙፋን ያለ ሤራ አያድርም።

ታዲያ ደብረ ብርሃን ላይ ምን ሆነ? ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ መተተኞች ተነሥተውብኛል ብለው ስላመኑ ካህናት በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሌሊትና ቀን እየጸለዩ ጠበል ይረጩ ነበር። ሌሊትና ቀን! ሟርትና ጣዖት ትከተላላችሁ ተብለው የገዛ ልጆቻቸው ተገረፉ፤ የሞቱም አሉ። ሚስታቸው ጽዮን ሞገሳ ልጇን ልታነግሥ አሢራለች ተብላ ተገርፋ ሞተች። ያ ልጅ፣ በእደ ማርያም፣ ከጥርጣሬው ለጥቂት ተርፎ በኋላ ነገሠ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ጠበሉ ነው። ጠበል ለሚያምን ሰው መከላከያ ነው፤ እዚያ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን ስንት ቀን ከተረጨ በኋላ ነው ንጉሡ «አሁን ይበቃል፣ ቤቱ ነጽቷል» የሚሉት? መልስ የለውም። መተቱ ባይደርስ «ጠበሉ ስለሠራ ነው፣ ይቀጥል»፤ አንድ ሰው ቢታመም «መተቱ ስለበረታ ነው፣ ይጨመር»። የሆነውም ያልሆነውም ፍርሃቱን ያጸናዋል። ትክክለኛ ሥጋት ነበር የተዘራው፤ የበቀለው ግን ማጨጃ ወር የሌለው አዝመራ ነው።

ከዚያ ወደ 420 ዓመት ገደማ እንዝለል። መጋቢት 1870 ዓ.ም.፣ ልቼ። የሸዋው ምኒልክ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው በእግራቸው ወደ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቀርበው ሰገዱ። ሕዝብ አይቷል፤ ሠራዊት አይቷል። ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ማዕረግ ተዉ፣ ግብር ሊከፍሉ ተስማሙ፣ በለውጡም በዮሐንስ እጅ የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸደቀላቸው። በጊዜው ስንቱ ሸዌ በልቡ «ፈራ!» ብሎ ይሆን?

እስቲ ግን ምኒልክ ያውቁት የነበረውን እንቁጠር። ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፅን ሁለት ጊዜ ድል ነሥተዋል፤ የማረኩት ዘመናዊ ጠመንጃና መድፍ ከሠራዊታቸው ጋር ነው። ሸዋ ውስጥ ደግሞ በ1869 ዓ.ም. ምኒልክ ራቅ ብለው በዘመቱበት ጊዜ ሤራ ተነሥቶ ነበር፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ባፈና ሳይቀሩ ያሉበት። ከፊት የታጠቀ ሠራዊት፣ ከኋላ ያልረጋ ቤት። በዚህ ላይ ሰውየው ከልጅነታቸው ጀምሮ የመሸነፍን ዋጋ ያውቃሉ። ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ገና ልጅ ሆነው ተማርከው ወደ ሰሜን ተወስደዋል፤ ከመቅደላ አምልጠው አንኮበር የገቡት በ1857 ዓ.ም. ነው። ካህናቱ በመካከል ሆነው ሲያስታርቁ ምኒልክ ያመዛዘኑት ይህን ሁሉ ነው።

እንዲያም ሆኖ በዚያች ቀን ድንጋዩን ብቻ ብናይ ፍርሃት ነው ብለን እንፈርድ ነበር። ማስረጃው የመጣው በኋላ ነው። በቀጣዮቹ 11 ዓመታት ምኒልክ ጠመንጃ ገዙ፣ አገር አሰፉ፣ ንግዱን ያዙ። ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ዙፋኑን ለመረከብ የተዘጋጀ ሰው ነበር። ልቼ ላይ ማርሽ ቀነሱ እንጂ እግራቸውን ፍሬን ላይ አልረሱም።

እንግዲህ የሹፌሩም፣ የጭላዳውም፣ የምኒልክም ነገር አንድ ጥያቄ ላይ ያደርሰኛል፤ እኔ አሁን ራሴን የምጠይቀውም እሱን ብቻ ነው። *ምን ብታይ ሐሳብህን ትቀይራለህ?* ጥንቃቄ ሲጠየቅ መልስ አለው። «ጉሙ ሲገፈፍ»፣ «ጠመንጃው ሲሟላ»፣ «የሦስት ወር ወጪ ሳጠራቅም»። ያ ነገር ሲሟላ ደግሞ ይነሣል። ፍርሃት ወይ መልስ የለውም፣ ወይ የሰጠው መልስ ሲሟላለት ሌላ ይጨምራል፤ «ከፋሲካ በኋላ» ያለው «ሰኔ ይግባ»፣ ሰኔ ሲገባ «መስከረም ይጥባ» ይላል። መንዞች ጓሳን ለዘመናት የጠበቁበት የቄሮ ሥርዓት ለዚህ ደስ የሚል ምሳሌ ነው። ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጠና ግን መክፈቻው የታወቀ ነበር። የማይከፈት ቢሆን ኖሮ ማን ይጠብቀው ነበር?

አንድ የሚያምታታ ነገር ግን ይቀረናል፤ ፍርሃት ሁልጊዜ «ቆይ» ብቻ አይልም። አንዳንዴ «ግፋ!» ይላል።

ዐድዋን ሁላችንም ከእኛ በኩል ነው የምናውቀው። ከወዲያ በኩል እንየው። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ምሽግ ይዞ ተቀምጧል። ስንቁ እያለቀ ነው። የምኒልክም ስንቅ እያለቀ እንደሆነ፣ ያን ሁሉ ሠራዊት አንድ ቦታ ማቆየት እንደማይችሉ ሰምቷል። ልቡ ወደ ኋላ መመለሱን ይመርጣል። ከሮም ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ዘመቻውን በሳንባ ነቀርሳ መስሎ የሚያላግጥ ቴሌግራም ላከበት። ባራቲየሪ አራቱን ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ጠየቀ፤ አራቱም ማፈግፈግ ውርደት ነው፣ እንግጠም አሉ። ገጠመ። የካቲት 23 ሲመሽ ዳቦርሚዳና አሪሞንዲ ሞተዋል፣ አልበርቶኔ ተማርኳል፣ ኤሌና ቆስሏል። የክሪስፒም መንግሥት ሳምንት ሳይሞላው ወደቀ።

ያን ሌሊት ባራቲየሪን ያንቀሳቀሰው ድፍረት ነው? እኔ ፍርሃት ነው ባይ ነኝ፤ ፈሪ መባልን መፍራት። እኛ ለዚህ ከማንም የተሻለ ቃል አለን፤ ይሉኝታ። ይሉኝታ የድፍረት ካባ ደርቦ ሲመጣ ከሁሉ ይከፋል፤ ሰው ሳይኖረው ድግስ የሚደግሰው፣ «ምን ይሉኛል» ብሎ ለማይከፍለው ሰው ዋስ የሚሆነው በእሱ ነው። ጥያቄዋን እዚህም ሞክሯት። ባራቲየሪ «ምን ብታይ ትመለሳለህ?» ቢባል፣ የሚያየውን ሁሉ አይቶ ነበር።

ደግሞ የተገላቢጦሹ አለ፤ ጥንቃቄን ፍርሃት ብሎ መስደብ። ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በገበሬው ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚወርደው ውርጭ አንድ ሌሊት ገብሱን ሲመታው ጠዋት የተቀቀለ ይመስላል። ለእዚህ ገበሬ ማዳበሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው ያልተቀበለውን «አዲስ ነገር ይፈራል» ይለዋል። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ15 የገጠር ቀበሌዎች፣ የደብረ ብርሃን አካባቢውንም ጨምሮ፣ ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ኑሮ ተመራማሪዎች ሲከታተሉ ነበር። ስቴፋን ደርኮንና ሉክ ክርስቲያንሰን ከዚያ መረጃ ተነሥተው በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ገበሬውን ከማዳበሪያ የሚያርቀው አዝመራው በከሸፈ ዓመት የሚገጥመው ረሃብ መሆኑን አሳዩ። ማዳበሪያው በጥሩ ዓመት እንደሚያተርፍ ገበሬው ያውቃል። ግን ገንዘቡ የሚወጣው ዘር ሲዘራ ነው፤ ውርጩ የሚመጣው በኋላ፤ ዕዳው ደግሞ ውርጭ መጣ አልመጣ ይከፈላል። ክፉውን ዓመት የሚያሻግር ከብት ወይም ጥሪት ያለው ጎረቤቱ ይጠቀማል፤ እሱ ይተዋል። «ምን ብታይ ትቀይራለህ?» ብትሉት በአንድ ትንፋሽ ይመልስላችኋል፤ ክፉው ዓመት ቢመጣ በሬዬን የማያሸጠኝ ነገር አሳዩኝ። ይህ ጠንቅቆ ማወቅ ነው። ማስተዛዘን ሳይሆን መልስ ነው የሚፈልገው።

ይህን ሁሉ የምተርክላችሁ ራሴ ተሳስቼ ስለማውቅ ነው። አንኮበር፣ ከጎረቤላ ትንሽ ወረድ ብሎ የሚኖር አጎት አለኝ። ጋሼ ነው የምለው። ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ ለብሰዋል። የዓይን ሞራ ማለት የዓይኑ የተፈጥሮ ሌንስ እንደ ጉም ሲደፈርስ ነው፤ ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል፤ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎተጎትሁት። አንዴ «አዝመራው ይግባ»፣ አንዴ «ጥምቀት ይለፍ»፣ አንዴ «ጾሙ ይውጣ»። ድንበሩ ሲገፋ አየሁና ፈርጄ ጨረስሁ፤ ጋሼ ፈሪ ነው።

ባለፈው ስሄድ መጎትጎቱን ትቼ ጥያቄዋን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ምን ብታይ ትሄዳለህ?» አልሁት። ዝም አለ። ምድጃው ላይ ያለውን ግንድ በእግሩ ገፋ አደረገ። ከዚያ፣ «ከታች ሰፈር ያለው ሰውዬ ዓይኑን ተሠርቷል ይባላል። ድሮ ልጁ ነበረች በዱላ የምትመራው። አየሁ የሚለኝ ሰው እንጂ ሲያይ ያየሁት ሰው የለም» አለኝ።

ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ ነበረው፤ እኔ አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ይዤው ወረድሁ፤ ያችን ጠባብ ቁልቁለት እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ። ደጁ ላይ ስንደርስ የሰውዬው ሚስት ወጡ።

«ኖር! ኧረ ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ። ባለቤቴ የሉም፤ ገበያ ወጥተዋል።»

«ማን መርቷቸው?» አለ ጋሼ።

«ማን ይመራቸዋል? ብቻቸውን ነው እንጂ።»

ጋሼ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ጠላ ቀረበለት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጎነጨ። ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ ስለ ባቄላው ጠየቀ። እኔ ሰውዬው እስኪመለሱ እንጠብቃለን ብዬ ስመቻች ወደ እኔ ዞረ።

«ነገ የደብረ ብርሃኑ መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አለኝ።